በማሙሽ ስም የተነበቡ መጻሕፍት

«የእሷንም በአንተ ስም አስገብቼዋለሁ። አንድ ቤት አይደላችሁ እንዴ?»

ሙሽሪት ይህን የሰማችው ከመኝታ ቤቱ መጋረጃ ጀርባ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ ከትታ ሌላውን ጫማ ከአልጋው ሥር ስትፈልግ ነው። ተናጋሪው የባሏ አባት ናቸው። የሚሰማቸው ደግሞ የጥርስ ብሩሹን አፉ ውስጥ ሰክቶ ሳሎን መሀል የቆመው ባሏ ነው። መልስ ለመስጠት ሄዶ አረፋውን መትፋት ነበረበት፤ መታጠቢያው ስምንት እርምጃ ይርቃል፤ ስለዚህ «እም» ብሎ አለፈው። በዚች አንዲት «እም» አርባ አንድ መጻሕፍት፣ የአንዲት ሴት የዓመት ንባብ፣ ከሚስት ወደ ባል ዞረ። እሱ በሚሠራበት ባንክ ጉዳይ እንዲህ ቶሎ ቢያልቅ ኖሮ ደንበኛው ሁሉ ይመርቀው ነበር።

ሙሽሪት የሚሏት እሳቸው የባሏ አባት ናቸው። ከተዳረች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል፣ ግንባሯ ላይ ሁለት መስመር ወጥቷል፤ እሳቸው ግን ትናንት የገባች ይመስል ዛሬም «ሙሽሪት» ይሏታል። የሠላሳ ስምንት ዓመቱን ልጃቸውንም «ማሙሽ» ነው የሚሉት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ትምህርት ቤቶችን ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ፤ የሚቆጣጠሩት ትምህርት ቤት ሲያጡ ቤታቸውን መቆጣጠር ጀመሩ። የመብራት ቆጣሪውን ይመዘግባሉ፣ እንግዳ የመጣበትንና የሄደበትን ሰዓት ይመዘግባሉ፣ ከሁሉም በላይ ግን የቤተሰቡን ንባብ ይመዘግባሉ። ሰፈሩ «ጋሽ መዝገብ» ያላቸው ዝም ብሎ አይደለም። መዝገቡ ጥቁር ጠንካራ ሽፋን ያለው፣ ጀርባው በፕላስተር የተጠገነ፣ ውስጡ በቀይ እስክሪብቶ የተሰመረ ነው፤ ተራ ቁጥር፣ የመጽሐፉ ርዕስ፣ የገጽ ብዛት፣ የአንባቢው ስም፣ የተገኘ ቁም ነገር። በራሳቸው ስም በየዓመቱ የሚሰፍሩት ያው ሰባት መጻሕፍት ናቸው፤ ጎረምሳ ሳሉ ያነበቧቸው። «ደግሜ አንብቤያቸዋለሁ» ይላሉ። መጻሕፍቱ ያሉበት ሳጥን ቁልፉ ከጠፋ አራት ዓመቱ ነው። የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ደግሞ «የመጪው ዓመት የንባብ ዕቅድ» የሚል አለ። ማሙሽ በየዓመቱ እዚያ ላይ «ሃምሳ መጻሕፍት» ብሎ ያስጽፋል። እስካሁን ያቀደው ቢደመር ቤቱ አይበቃውም። ያነበበው ግን አምና አንድ ነው፤ እሱም የመሥሪያ ቤቱ የብድር አሰጣጥ መመሪያ፤ እሱንም እስከ ገጽ አሥራ ስምንት።

ጫማዋን አግኝታ ወጣች። የሚያፍሩ መስሏት ነበር። ጋሽ መዝገብ መነጽራቸውን ወደ አፍንጫቸው ጫፍ አውርደው አዩዋት እንጂ ምንም አላፈሩም።

«መጣሽ? ጥሩ። ይቺ ‹የጣቢያው ሴትዮ› የምትባለው ስንት ገጽ ናት?»

«ሦስት መቶ አሥራ ሁለት።»

«ቁም ነገሯስ?»

ሙሽሪት ባሏን አየችው። አገጩ ላይ አረፋ ይወርዳል። «ሰው በራሱ ቢያፍር አይሞትም የምትል ናት፣ አባባ» አለች።

ጋሽ መዝገብ ቃል በቃል ጻፉት፤ የአንባቢው ስም በሚለው ረድፍ ላይም የልጃቸውን ስም አሰፈሩ፤ ከዚያ ቀና ብለው «ጎበዝ» አሉ፤ ለማሙሽ። ማሙሽም ራሱን ነቀነቀ።

የቤት ውስጥ ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሙሽሪት ስቃ ታልፈው ነበር። ነገር ግን የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት አንድ ደንብ አለው፤ በዓመቱ ውስጥ ብዙ መጽሐፍ ተውሶ የመለሰ አባል ለመጪው ዓመት የሚገዙትን ሃያ መጻሕፍት ይመርጣል። ሃያውንም ብቻውን፤ የዘንድሮው የሚጠራው ዛሬ አሥር ሰዓት ላይ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ኃላፊው የመለሰችውን እየተቀበለ «ዘንድሮ የሚደርስብሽ የለም፤ ዝርዝርሽን አዘጋጂ» ብሏት ነበር። ያን ቀን ከደስታዋ ብዛት ታክሲ መያዝ ረስታ እስከ ቤቷ በእግሯ ሄደች። ችግሩ ሌላ ደንብም መኖሩ ነው፤ አንድ ቤት፣ አንድ ካርድ። ካርዱ የሚወጣው በአባወራው ስም ሲሆን፣ ሚስት የራሷን የፈለገች እንደሆነ አባወራው «መጽሐፍ ብታጠፋ እኔን ጠይቁ» ብሎ በዋስትና ይፈርማል። ማሙሽ ደግሞ ዋስ አይሆንም። ብድር ክፍል ተቀምጦ ዋስ የሆኑ ሰዎች ሲያለቅሱ ስለሚውል «ለእናቴም አልፈርምም» ይላል። ሦስት ጊዜ ጠይቃዋለች። ሦስቱንም ጊዜ «በኔ ካርድ መዋስ ምን አነሰሽ?» ነው ያላት። እሷም አርባ አንዱንም በሱ ካርድ ተዋሰች፤ ነገሩን የሚያውቅ ኃላፊ እንዳለ እያሰበች፣ መጽሐፉን በየሳምንቱ ከእጇ የሚቀበላት ሰው ማን እንዳነበበው መቼም አይጠፋውም እያለች።

የምትሠራው ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ነው። ክፍሏ መስኮት የላትም፤ ያላት ደረት ላይ የምትደርስ ግማሽ ክብ ቀዳዳ ናት፣ ታማሚው ሁሉ ጎንበስ ብሎ ስሙን የሚናገርባት። ከጀርባዋ እስከ ጣራ ድረስ ካርድ ተደርድሯል፤ አቧራው ከካርዱ ይበዛል። የምታነበው እዚህ ነው፤ በሁለት ታማሚ መሀል፣ መጽሐፉን የመዝገቡ ሥር አድርጋ፣ ስትጠራ በጣቷ ገጹን ይዛ። ዛሬ የመጀመሪያው ባለጉዳይ የሁለት ቀን ሕፃን የታቀፈ አባት ነበር። ስም ገና አላወጡለትም። ሙሽሪት «ሕፃን» ብላ ጻፈችና አዲስ ካርድ፣ አዲስ ቁጥር፣ በራሱ ከፈተችለት። ከዚያ ካርዱን ሳትሰጠው ቁጥሩን ደጋግማ አነበበች። ሁለት ቀኑ ነው፣ ዓይኑን እንኳ አልገለጠም፣ ዋስ አምጣ ያለው የለም። ሰልፉ ላይ ያለች ሴትዮ «እህቴ፣ ኧረ እየመሸ ነው!» ብላ ስትጮህ ነው የነቃችው፤ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላም ነበር።

የራሷም መዝገብ አላት፤ አገልግሎታቸው ያለፈ ቅጾችን ጀርባቸውን አዙራ በስቴፕለር ያያያዘችው። እዚያ ላይ ቁም ነገር የሚባል ረድፍ የለም። «ገጽ ዘጠና ላይ አቁሜ ውኃ ጠጣሁ» ይላል አንዱ። «መጨረሻው ውሸት ነው፣ ግን ደስ ይላል።» «ጸሐፊው ሚስቱን ይፈራል።» «ይሄን በሃያ ዓመቴ አንብቤው ቢሆን አላገባም ነበር።» ከኋላ ደግሞ የሃያዎቹ ዝርዝር አለ። ዓመቱን ሙሉ ከየቦታው የለቀመችው ነው፤ አንዱን ከሬዲዮ፣ አንዱን አንዲት ነፍሰ ጡር ወረፋ ስትጠብቅ ከያዘችው፣ ሁለቱን መጽሐፍ አዟሪው ዋጋቸውን ሲነግራት ቶሎ ከመለሰቻቸው፤ የአንዱ ብቻ ዋጋ የሁለት ሳምንት ምሳዋን ይበላል። ሃያ ሰባት ነበሩ፤ ሰባቱን ለመሰረዝ ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ሌላ ሰው ልጁን የት ላስተምረው ብሎ የሚጨነቀውን ያህል ተጨንቃባቸዋለች።

ምሳ ላይ ለባልደረባዋ ነገረቻት፤ ጤና ጣቢያው በሙሉ «እታለም» ለሚላት፣ ሃምሳ ዓመት ላለፋት፣ ምንም ነገር የማያስደነግጣት ሴት።

«እና ምን ይጠበስ?» አለች እታለም እጇን እየጠረገች። «መጽሐፉ ይምጣልሽ እንጂ በማን ስም መጣ ምን አገባሽ? ዝርዝሩን ስጪው፣ ይፈርምበት፣ ሄደሽ ታነቢያለሽ። አለቀ።»

ሙሽሪት የምሳ ዕቃዋን ከደነች። እታለም ልክ ናት፤ ያናደዳትም ልክ መሆኗ ነው።

አሥር ሰዓት ላይ እታለምን ቦታዬን ያዢልኝ ብላ ወጣች። ቤተ መጻሕፍቱ ከአንድ የግንባታ ዕቃ መደብር በላይ ያለ ረጅም አዳራሽ ነው፤ ታች ብረት በተቆረጠ ቁጥር ላይ ያለው አንባቢ ጥርሱን ይነክሳል። አሥራ አምስት የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሯል፤ ሰው ያለባቸው ስምንቱ ናቸው፤ ከስምንቱም ሁለቱ ለጋዜጣ የመጡ ናቸው፣ አንዱ ተኝቷል። ማሙሽ ከባንክ ፈቃድ ወስዶ፣ ሱፍ ለብሶ የፊት ወንበር ላይ ተሰይሟል። ጋሽ መዝገብ አጠገቡ መዝገባቸውን ጭናቸው ላይ አድርገዋል። ኃላፊው ሙሽሪትን ሲያይ ዓይኑን ወደ ማኅተሙ መለሰ። ይህ ሰው አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሲሠራ መጽሐፍ የሚያውቀው በጀርባው በተለጠፈው ቁጥር ነው፤ «አራት መቶ ሠላሳ ሰባትን አመጣሽልኝ?» ይላል እንጂ ርዕስ ጠርቶ አያውቅም። ድሮ መምህር ሳለ ደግሞ ጋሽ መዝገብ ይቆጣጠሩት ነበር፤ ዛሬም ሲያያቸው ክራቫቱን ያስተካክላል።

«ዝርዝርሽን አዘጋጂ ብለኸኝ ነበር እኮ» አለችው ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እኔ ምን ላድርግ እህቴ? ካርዱ የሚለው ስም ነው የሚገዛኝ» አለ፤ ማኅተሙን እየጠረገ።

ማሙሽ ተጠራ፣ ተጨበጨበለት፣ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ከዚያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ንግግር አደረገ። «ጊዜ የለኝም ማለት ሰበብ ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ። «እኔ ሥራ ውዬ ደክሞኝ እገባለሁ፤ ግን አነባለሁ። ወጥ ቤት ውስጥ ቆሜም ቢሆን አነባለሁ።» ሙሽሪት ሳቋ መጣ። ይህ ሰው ወጥ ቤት የሚገባው ማቀዝቀዣ ለመክፈት ነው። ለጋዜጣ ከመጡት አንዱ፣ የዋህ ቢጤ ሽማግሌ፣ እጁን አውጥቶ ከሁሉም የትኛውን እንደወደደው ጠየቀው። ማሙሽ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሁሉም የየራሱ ጥሩ ጎን አለው» አለ። ሽማግሌው ትልቅ ነገር እንደሰማ ሰው ራሱን ነቀነቀና ተቀመጠ። ጋሽ መዝገብ ይህችንም መዝገቡ ላይ ጻፏት።

ኃላፊው ሃያ ባዶ መስመር ያለበትን ቅጽ ዘረጋ። የግዢው ደብዳቤ ዛሬውኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ መውጣት ስላለበት እዚሁ ይሞላ አለ። ማሙሽ ቅጹን ይዞ፣ ፈገግታውን ሳያወርድ፣ ሙሽሪት ወደቆመችበት የጋዜጣ መደርደሪያ መጣ።

«የኔ ቆንጆ» አላት። ይህን ቃል ከእሱ አፍ የምትሰማው ሸሚዙ ሳይተኮስ ሲያድር ነው። «ያቺ የምትጽፊያት ዝርዝር የት አለች? ቶሎ በይ፣ ሰው እያየን ነው።»

ያቺ ዝርዝር። ያውቃታል ማለት ነው። ዓመቱን ሙሉ ስትጽፋት እያየ አንድ ቀን ምንድን ነው ሳይላት፣ ለዛሬ አስቀምጧታል። ሙሽሪት እስከዚያ ሰዓት ድረስ የተናደደች መስሏት ነበር። አሁን የተሰማት ንዴት አይደለም፣ ንቀት ነው፤ ቀዝቃዛና ንጹሕ፣ ደስ ይላል ማለት ይቻላል። ዘጠኝ ዓመት አብራው ስትኖር እንደዛሬ አጥርታ አይታው አታውቅም።

«መጀመሪያ የዋስትናውን ፈርምልኝ።»

«ምን?»

«የራሴን ካርድ ላወጣ ነው።»

«አሁን ይሄ የሚወራበት ሰዓት ነው?»

«ሌላ ሰዓት የለኝም።»

ማሙሽ እንደ ልማዱ ወደ አባቱ ዞረ። ጋሽ መዝገብ ተነሥተው መጡ። «አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ካርድ ምን ይሠራል? መዝገቡን ታምታቺብኛለሽ፣ ሙሽሪት» አሉ።

«እንግዲያው ሃያዎቹን ማሙሽ ይጻፋቸው፣ አባባ። አርባ አንድ ያነበበ ሰው ሃያ አያጣም።»

ታች ብረት ይቆረጣል። ማሙሽ ቅጹን መደርደሪያው ላይ አድርጎ እስክሪብቶ አወጣ። መስመሩ ላይ «1» ብሎ ጻፈ። ከጎኑ ነጥብ አደረገ። ነጥቡን አደመቀው። እንደገና አደመቀው፤ ወረቀቱ ሊበሳ ምንም አልቀረውም። ጋሽ መዝገብ ጣሪያውን ያያሉ። አንድ ርዕስ፣ ከሕፃንነቱ የቀረ፣ ከትምህርት ቤት የተረፈ፣ አንድ እንኳ አልመጣለትም፤ አባትየውም ከሰባቱ ውጭ የሚያቀብሉት አልነበራቸውም። የተኛው ሰውዬ ነቅቶ ይመለከታቸው ጀመር። ኃላፊው የግድግዳውን ሰዓት አየ፣ የእጁን ሰዓት አየ። ማሙሽ ላቡን ጠረገና የዋስትናውን ቅጽ ሳብ አድርጎ፣ ደመወዙን በሙሉ ለሰው እንደሚያስረክብ ሁሉ ቀስ ብሎ ፈረመ። ኃላፊው ካርዱን ሞልቶ ማኅተም መታበት። ሙሽሪት ስሟን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ትክክል ነው፤ ፊደሉ እንኳ አልተሳሳተም።

«በይ እንግዲህ» አለ ማሙሽ።

የኃላፊው ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠች። ዝርዝሯ ቦርሳዋ ውስጥ አለ፤ እጇን ብትሰድ ሃያዎቹ በጣቷ ሥር ናቸው። የእታለም ቃል ጆሮዋ ላይ አለ፤ መጽሐፉ ይምጣልሽ እንጂ። እውነት ነው፤ ብትጽፋቸው ይመጣሉ። መጥተውም በመጪው ዓመት ይህ ሰው እዚሁ ቦታ ይቆምና ነፍሰ ጡሯ የያዘችውን፣ ዋጋው ያስደነገጣትን፣ ሰባቱን ለመሰረዝ እንቅልፍ ያጣችባቸውን ሁሉ «የየራሳቸው ጥሩ ጎን አላቸው» ይልባቸዋል። አርባ አንዱን ወስዷል፤ እነሱ አንዴ ተነብበዋል። ያልተነበቡትን ግን አልሰጠውም አለች በልቧ፣ ባይመጡም ይቅሩ። ከዚያ ቀና አለች። ከኃላፊው ራስ በላይ የልቦለዱ መደርደሪያ አለ። አንድ በአንድ የምታውቃቸው ናቸው፤ የትኛው ሽፋኑ እንደተቀደደ፣ የትኛው ገጽ ላይ ዘይት እንደፈሰሰ ሳይቀር። ከግራ ጀምራ እስከ ሃያኛው፣ እንደተደረደሩበት፣ ርዕሳቸውን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ገለበጠችና ቅጹን ለባሏ ሰጠችው። ማሙሽ ሳያነብ ፈረመ።

ጋሽ መዝገብ ግን ሥርዓት ይወዳሉ፤ ለተሰብሳቢው ይነበብ አሉ። መነጽራቸውን አስተካክለው ቆሙ። «ቁጥር አንድ፣ ‹የሰባተኛው ፎቅ ጎረቤቶች›። ቁጥር ሁለት፣ ‹ያልደረሰ ጃንጥላ›። ቁጥር ሦስት፣ ‹የጣቢያው ሴትዮ›።» ሙሽሪት ዓይኗን ወደ መዝገቡ ላከች። አማቷ ዛሬ ጠዋት በገዛ እጃቸው የጻፏት ናት፤ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ገጽ፤ መዝገቡም ብብታቸው ሥር ነው። «ይቺ ደግሞ ደስ የምትል ትመስላለች» አሉ ጋሽ መዝገብ። «ስለ ምንድን ናት፣ ማሙሽ?»

«እሷ… በጣም ጥሩ ናት አሉ» አለ ማሙሽ። «እንደመጣች የማነበው እሷን ነው።»

ሃያው ተነበበ። የመጻሕፍቱ ጀርባ ከኃላፊው ራስ አንድ ክንድ ላይ ነው፤ ቢዞር ርዕሶቹን በተራ ያነባቸው ነበር። አልዞረም። «እንዲህ ነው እንጂ ምርጫ!» አለና ማኅተሙን መታ፣ ፖስታ ውስጥ ከተተው፣ አሸገው። ተጨበጨበ። ማሙሽና አባቱ የምስክር ወረቀቱን መሀላቸው አድርገው ፎቶ ለመነሣት ወደ መስኮቱ ሄዱ።

ሙሽሪት በአዲሱ ካርዷ ባዶ እጇን መውጣት አልፈለገችም። መደርደሪያዎቹን ዞረች። ልቦለዱን ጨርሳዋለች፣ ታሪኩን ጨርሳዋለች፣ ጉዞውን ሁለት ጊዜ። የቀረው በሩ አጠገብ ያለው፣ ማንም የማይነካው የመመሪያዎች መደርደሪያ ነው። ቦርሳዋ ውስጥ ያሉት ሃያዎቹ አሁን ወደዚህ ቤት የሚገቡበት መንገድ የላቸውም፤ በሩን በገዛ እጇ ነው የዘጋችባቸው፤ ቢሆንም ብትመለስ ያንኑ ነበር የምታደርገው። ቀጭኗን መርጣ አመጣች።

«ሰባት መቶ ሁለት» አለ ኃላፊው ጀርባዋን አይቶ፣ መዝገቡንም አዞረላት። በተዋሰው ሰው ስም ረድፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷን ስም ጻፈች፤ አጠገቡም ርዕሱን፤ «የዶሮ እርባታ መመሪያ»፣ አንድ መቶ አራት ገጽ።

«ለጊዜው በሷ ተጫወቺ» አለ ኃላፊው ቀኑን እየመታላት፤ ስለ ካርዱ ቂም እንዳትይዝበት ሳይፈልግ አልቀረም፣ ድምፁ ለስልሷል። «በሦስት ወር ውስጥ ባለቤትሽ የመረጣቸው ይገባሉ። ያን ጊዜ የምታነቢው አታጪም።»